በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ለምን ነውር ሆነ?

ሰሞኑን አንድ ባልደረባዬ «እንግሊዝኛ ክፍል ገብተህ አማርኛ ታወራለህ አሉ» ብሎ ወቀሰኝ። አዎ፣ አወራለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ያስተማርኳችሁ ደግሞ ፍረዱ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ ስም በስም ላይ ይደረድራል። «ሶይል ኢሮዥን ኮንትሮል» ይላል። ሦስት ስም፣ በመሀል አንድ «ኦፍ» እንኳ የለም። ልጁ መጀመሪያ ያየውን «ሶይል» ይይዝና ስለ አፈር ዓይነት ይጽፋል። ጥያቄው ግን ስለ መከላከል ነበር። ዜሮ! ጂኦግራፊ ስላላወቀ አይደለም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ሰሌዳው ላይ «ናውን ሞዲፋየር» ብለን ጽፈን ሕግ እናስሸመድዳለን። እባካችሁ! ይሄን ሕግ ልጁ ሱቅ ሲላክ ተምሮታል። ምግብ ቤት፣ ጫማ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ይል የለ? ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ነው፤ የፊተኛው ዓይነቱን ይነግረናል። እንግሊዝኛውም ያው ነው። «ሹስ ሾፕ» ብሎ የጻፈውን ልጅ «ጫማዎች ቤት ትላለህ እንዴ?» በሉት። ስቆ ያርመዋል።

«የስሞቹ ግንኙነት ግን አይታይም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ምግብ ቤት ምግብ ይሸጥበታል፤ ሳር ቤት ግን ሳር አይሸጥበትም፣ በሳር የተከደነ ቤት ነው። ይሄን ማን አስተማረን? ነገሩን ስለምናውቀው ገባን። እንግሊዝኛውንም የምንፈታው እንደዚሁ ነው። መጠንቀቅ ያለብን ከግእዝ በወረስነው ነው፤ «ቤተ መጻሕፍት» ዋናውን ስም ከፊት ያስቀምጣል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚህ ቆሼ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞትብን፣ የውጭ ዜናዎች «ጋርቤጅ ዳምፕ ላንድስላይድ» ብለው ጻፉ። ቆሻሻ፣ መጣያ፣ ናዳ። ዋናው ስም ናዳ ነው። ቆሻሻ የተባለው የተናደው ነው እንጂ የሞቱት ሰዎች አይደሉም። ይሄን በአማርኛ ሳስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሰፈሩን ሲጠየቅ «አየር ጤና አካባቢ» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ አለኝ። ሰሌዳ ላይ «የቆሼ ልጅ» ብዬ ጻፍኩና «ዋናውን ስም አስምርበት» አልኩት።

«ልጅ» ላይ አሰመረ።

አሁንም አማርኛ አወራለሁ።