ስለ ተማሪዎች አቀማመጥና ስለ አካል እንቅስቃሴ

በትምህርት ቤት አንድ ሕፃን ጐብጦ ሲታይ መምህሩ «ቀና በል» ብሎ መገሠጹ የተለመደ ነው። ሕፃኑም ለጥቂት ጊዜ ቀና ይልና መልሶ ይጐብጣል። ይህም የሚሆነው ተግሣጽ ንቆ አይደለም፤ የ7 ዓመቱ ሕፃንና የ14 ዓመቱ ጐረምሳ በአንድ ልክ በተሠራ አግዳሚ ወንበር ስለሚቀመጡ ነው። እግሩ ከመሬት የማይደርስለት ልጅ ወገቡን የሚያሳርፍበት አያገኝም፤ ጠረጴዛው ዝቅ ያለበትም አንገቱን ደፍቶ ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለውም። እንጨቱ ለልጁ ካልተስተካከለ፥ ልጁ ለእንጨቱ መስተካከሉ የማይቀር ነው።

ይሁን እንጂ ወንበሩ ሁሉ ቢታረም እንኳ ነገሩ በዚህ ብቻ አይፈጸምም። አከርካሪን ደግፎ የሚይዘው የጀርባና የሆድ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻም የሚጠነክረው በመንቀሳቀስ እንጂ በመቀመጥ አይደለም። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን በሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ ይመክራል። የዚሁ ድርጅት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጡት ጥናት ግን፥ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ተማሪዎች ከ100ው 81ዱ ከዚህ ልክ ያልደረሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶቹም ይልቅ ሴቶች ልጆች ወደ ኋላ ቀርተዋል።

በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጣሪው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጎንበሱ አልቀረም። ነገር ግን ተቀምጦ አይውልም፤ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ ቁራሽ ለመለመን ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመቁጠር ወደ ዱር ወጣ ይላል፤ የአቋቋም ተማሪም ትምህርቱን የሚቀጽለው ቆሞ፥ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፥ አካሉን ከዜማው ጋር እያስማማ ነው። ያ ኑሮ ረኀብ ያለበት መሆኑን የቀመሱት ያውቁታልና ልጆች ሁሉ ወደዚያ ይመለሱ የሚል የለም። ሆኖም ከወንበር ወደ መኪና፥ ከመኪና ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ስልክ ለሚተላለፈው የከተማ ልጅ በዚያ ምትክ የተሰጠው ምንድር ነው?

በሥርዓተ ትምህርቱ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለታል፤ ነገር ግን ፈተና በቀረበ ቍጥር ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ የሚሠዋው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ በእንዲህ ያለው ግቢ ልጅ ሊሮጥ ቀርቶ ክንዱን ዘርግቶ ሊዞር አይችልም። ፈቃድ ሰጪው ሹም ክፍሎቹን ቈጥሮ ሜዳውን ሳይጠይቅ ቢፈርም፥ የልጆቹ መጉበጥ በእርሱም ፊርማ የጸደቀ ይሆናል። ሜዳ እስኪገኝ ድረስ በየትምህርቱ መካከል ልጆቹን አስነሥቶ ማንጠራራት ገንዘብ የማይጠይቅ ነውና ርእሳነ መምህራን ከነገ ጀምረው ሊያዝዙት ይችላሉ። ወንበር ሲታዘዝም ቢያንስ በ3 ልክ እንዲሠራ ለአናጢው መንገር ይገባል፤ ለትንንሾቹ የሚሆነውማ እንጨቱም ያነሰ ነው።