ጅራፉን ልጁ ራሱ ይግመድ

ሰኔ ተገባዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ወላጆች ጭንቀት ይጀምራል። አቅም ያለው ልጁን የክረምት ትምህርት ያስመዘግባል፤ ሌላው ስልኩን ሰጥቶት በሩን ይዘጋል። ዝናቡና ጭቃው ምክንያት ሆነው ይቀርባሉ። የከተማዋ ዝናብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነውና ጠዋቱ ለደጅ ሥራ ይተርፋል።

ሥራ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዓላቱ ራሳቸው አሰናድተውታል። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ጅራፍ ይገመዳል። ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ለጎረቤት የሚያድሉትን ሥዕል ይስላሉ፤ መስከረም 16 ለደመራ ችቦ ይታሰራል። ዛሬ ግን ጅራፉ ተገዝቶ፣ ሥዕሉም ማተሚያ ቤት ተባዝቶ ይመጣል። ለልጁ የቀረለት ማደልና ሳንቲም መቀበል ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ጅራፍ መሥራት የእጅም የአእምሮም ሥራ ነውና። ቃጫው ውሃ ነክቶት ሲለሰልስ ሦስት ቦታ ይከፈልና ጫፉ አጥር ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ እየተሳበ ይጎነጎናል። በመያዣው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት፤ ዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ገመድ እንደ ልብ አይጮህም። ክንድ የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ጅራፉ ጧ የሚለው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ሲወነጨፍ ነው። ጅራፉ እንቢ ያለው ልጅ ፈትቶ፣ ቃጫ ቀንሶ፣ እንደገና ይጎነጉናል። ፊዚክስን በጥቁር ሰሌዳ ከማየቱ በፊት በመዳፉ ያውቀዋል።

ጭቃውም ቢሆን ዕቃ ነው። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለቤት ምርጊት እንደሚደረገው ደቀቅ ያለ ጭድ ተጨምሮበት ሲቦካ ግን በሬውም ጎጆውም ቅርጹን ይይዛል። የሽቦ መኪና ለመሥራት ደግሞ ቆርኪና ያለቀ ነጠላ ጫማ ይበቃል።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ጅራፍ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ገላጣ ቦታ፣ በልጆቹ መካከል በቂ ርቀትና አጠገባቸው የሚቆም አዋቂ ያስፈልጋል። ሽቦውን የሚቆርጠውም አዋቂው ቢሆን ይሻላል። ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ፤ ሥዕሉና ጅራፉ ለወንድ፣ አበባው ለሴት የሚለው ክፍፍል ይብቃ። ቃጫ የሚጎነጉን ጣት ወንድ ሴት አይልም፤ ሹሩባ መሥራት የለመደች ልጅማ ወንድሞቿን ልታስተምር ትችላለች።

የቀረው ቦታ ነው። በብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ልጆች የሚቦርቁበት ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ፣ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት፣ የግቢውን አንድ ጥግ ለልጆቹ ይልቀቁ። በየብሎኩ ጅራፍ መግመድ የሚያውቁ አባቶችና ስፌት የሚችሉ እናቶች አይጠፉም፤ ኮሚቴው በራቸውን አንኳኩቶ ይጠይቃቸው። ቃጫውም ከወዲሁ ይገዛ፤ የመጀመሪያው ጅራፍ እምብዛም ስለማይጮህ ልጆቹ ሁለተኛውን ለመግመድ ከቡሄ በፊት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።