በታዳጊዎች እግር ኳስ ምልመላ ዘግይተው የሚያድጉ ልጆች ጉዳይ

በታዳጊ የእግር ኳስ ቡድኖች ምልመላ ተደጋግሞ የሚታየው ችግር፣ አሠልጣኞች የልጁን ችሎታ የመዘኑ እየመሰላቸው አካሉ የደረሰበትን የዕድገት ደረጃ መመዘናቸው ነው። ወንዶች ልጆች ፈጣን የቁመት ዕድገት የሚያሳዩት በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ላይ ነው። ይሁንና አንዱ በ12 ዓመቱ የሚደርስበትን ሌላው እስከ 16 ዓመቱ ሊጠብቀው ይችላል። በመሆኑም በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሲጋጠሙ ብዙውን ጊዜ የሚያይለው አካሉ የቀደመው ነው፤ ውጤት የሚጠበቅበት አሠልጣኝም እርሱን ይመርጣል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በሞስኮ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጋጠሙት ፈረንሳዊው አንቷን ግሪዝማንና ክሮኤሽያዊው ሉካ ሞድሪች፣ በልጅነታቸው አካላቸው አነስተኛ ነው ተብለው በአገራቸው ክለቦች ተቀባይነት ያጡ ነበሩ። ግሪዝማን ዕድል ያገኘው ድንበር ተሻግሮ በስፔኑ ሪያል ሶሲዬዳድ ነው። በእርግጥ አነስተኛ መሆንና ዘግይቶ ማደግ አንድ አይደሉም፤ የመልማይ ዓይን ግን ሁለቱን አይለይም። የሁለቱ ታሪክ የታወቀውም ስለተሳካላቸው ነው። በዚያው የቀሩትን የሚመዘግብ የለም።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2015 የአካዳሚ ታዳጊዎችን በልደት ዘመን ሳይሆን በአካላዊ ዕድገት መድቦ የማጋጠም ሙከራ ጀምሯል። "ባዮ ባንዲንግ" በተባለው በዚህ አሠራር የልጁ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ከወላጆቹ ቁመት ጋር ተገናዝቦ፣ ከመጨረሻ ቁመቱ ምን ያህሉን እንደደረሰ ይገመታል። ፈጥነው ያደጉት ጉልበታቸው ብቻ እንደማያዋጣ ሲረዱ፣ የዘገዩት ደግሞ የቴክኒክ ችሎታቸውን ለማሳየት ዕድል አግኝተዋል። የቤልጂየም ፌዴሬሽን በበኩሉ ዘግይተው ለሚያድጉ ተጫዋቾች ከመደበኛው የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን ጎን ለጎን ሌላ ቡድን አቋቁሟል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከዕድሜ ማጣራት ጋር የተያያዘ ነው። ፊፋ ከ2009 የናይጄሪያ ውድድር ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ይመረምራል። ምርመራው ዕድሜው ያለፈውን ለመለየት ይረዳል እንጂ፣ ቀደም ሲል በወረዳ ምልመላ ቦታውን የተነጠቀውን ልጅ አይመልስም። የልደት ማስረጃ በሌለበት ዕድሜ በዓይን ሲገመት ሁለት ጊዜ የሚጎዳው ይኸው ልጅ ነው፤ ከእኩዮቹ ብቻ ሳይሆን ከታላላቆቹም ጋር ይፎካከራልና።

በአገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለዱት 15 ዓመት የሚሞላቸው በ2023 ዓ.ም. ይሆናል። ባዮ ባንዲንግም ቢሆን ትክክለኛ የልደት ቀን ይፈልጋል፤ በስፋት የሚሠራበት ቀመርም ከአሜሪካ ልጆች መረጃ የተገኘ በመሆኑ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

በአንጻሩ የሠልጣኞችን ቁመት በየሦስት ወሩ ለክቶ መመዝገብ ከሜትርና ከደብተር ያለፈ ወጪ የለውም። የአንድና የሁለት ዓመት መዝገብ፣ ልጁ የፈጣን ዕድገት ወቅቱን ማለፉን ወይም ገና መሆኑን በግልጽ ይጠቁማል። ችግሩ የታዳጊ አሠልጣኝ የሚገመገመው በዓመቱ ባስገኘው ዋንጫ እስከሆነ ድረስ ይህን መዝገብ የሚከፍትበት ምክንያት አለመኖሩ ነው። የግምገማውን መስፈርት የሚያወጡት ደግሞ ፕሮጀክቶቹን የሚመሩት የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው።