መርሳት ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው በብዙ ቤት ጠብ የሚያስነሳውን የመርሳት ነገር ነው።

አንዲት የምናውቃቸው እናት ወጡን እሳት ላይ ጥደው ቡና ሊቆሉ ሲነሱ ስልክ ይጠራል፤ ወጡ ትዝ የሚላቸው አርሮ ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ነው። በዕብራይስጥ የመጣውን ደብዳቤ «በኋላ አስነብበዋለሁ» ብለው መሳቢያ ይከቱታል፤ የሐኪም ቀጠሮውም በዚያው ያልፋል። ባላቸው «ለቤትሽ ግድ የለሽም» ይሏቸዋል። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ «ልበ ቢስ» ሲባሉ ስላደጉ እውነት መስሏቸው ኖረዋል። ነገሩ የተገለጠው ልጃቸው ተመርምሮ «ሃፍራዓት ኬሼቭ ቬሪኩዝ»፣ ማለትም ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር፣ እንዳለበት ሲነገራቸው ነው። ሐኪሙ ስለ ልጁ የጠየቀውን ሁሉ በራሳቸው አገኙት።

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል፤ የሚጀምረውም በልጅነት ነው። በቅርቡ መርሳት የጀመረ ሰው ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግለት፦ የእንቅልፍ እጦት፣ ሐዘን፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ-12 ማነስ። አዲስ ገቢ ደግሞ ቋንቋውም ወረቀቱም ባንድ ጊዜ ሲመጣበት ቢረሳ አይገርምም።

ችግሩ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገሩ መጀመሪያውኑ ሳይያዝለት ሐሳቡ ወደ ሌላ ስለሚሳብ ነው። ስለዚህ «አስታውሺ!» ብሎ መቆጣት ፋይዳ የለውም፤ ነገሩን ዓይን ፊት ማስቀመጥ ይሻላል። እኚህ እናት አሁን የስልካቸውን ደወል ሳይሞሉ እሳት አይለኩሱም። ቁልፉ በር አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ደብዳቤ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል እንጂ መሳቢያ አይገባም። ቀጠሮ ሲነገራቸው እዚያው ቆመው በድምፃቸው ስልክ ላይ ይቀዱታል፤ ይህ መጻፍ ለማይችልም ይሆናል። (እኛም መነጽራችንን ፍለጋ ስንቱን ሰዓት እንዳጠፋን እናውቃለንና ምስማሩን ወስደንላቸዋል።)

ለምርመራ በኩፓት ሖሊም ላለው የቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ፤ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ሊመራችሁ ይችላል። ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅን ለማስተርጎም ይዞ መሄድ አንወድም፤ እናት ስለ ራሷ ለሐኪም የምትናገረውን ልጅ ሊሸከመው አይገባም። እንደ ሪታሊን ያለ መድኃኒት ለአዋቂም ይታዘዛል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊጨምር ስለሚችል ግን ከልጅ ተዋሶ መዋጥ አደገኛ ነው።

የእኚያ እናት ወጥ አሁንም አንዳንድ ቀን ያርራል። ባላቸው ግን ጭሱ ሲሸታቸው «ደወሉን ሞልተሽው ነበር?» ብለው ተነስተው መስኮት ይከፍታሉ።