ጎሚኒው ሲያልቅ

ኮሮላ ወይም ሲቪክ ካላችሁ፣ ማይሏም ከ100 ሺህ አልፎ ከሆነ፣ ይቺን ድምፅ ታውቋት ይሆናል። ስፒድ በምፕ ላይ ስትወጡ ከፊት ጎማ በኩል «ጓ» ትላለች። ብዙ ሰው «ሾኩ አልቋል» ብሎ ይደመድምና ሾክ ያስቀይራል፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት ጎሚኒውን አሳዩ።

የፊት ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ የብረት ክንድ አለ። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መጋጠሚያው ላይ ወፍራም ላስቲክ ይገባል፤ መሐሉ ላይ ቡሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለው። አገር ቤት መካኒኮቻችን ከጣልያን ወርሰው ጎሚኒ ይሉታል፤ ሞላም ቴስቲናም ከዚያው የመጡ ቃላት ናቸው። እዚህ ግን ስሙ «ቡሺንግ» ነው፣ ክንዱ ደግሞ «ኮንትሮል አርም»። ልጃችሁን ለማስተርጎም ይዛችሁ ጋራዥ የምትሄዱ ከሆነ እነዚህን ሁለት ቃላት መኪና ውስጥ እያላችሁ ንገሩት። በእኛ ቋንቋ «ጎማ» ላስቲኩም ነው፣ የሚሽከረከረውም ነው። ልጁ «ጎማው አልቋል» የሚለውን እንደሰማው ከተረጎመው አራት አዲስ ጎማ ይሸጡላችኋል፤ በልጁ መፍረድ አይቻልም።

ድምፁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጎሚኒው ሲላላ ክንዱ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ጎማውም አቅጣጫውን ይስታል። ሀይዌይ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል፤ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትሳባለች። ዝናብ ባለበት ቀን፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ገና ያልቆየ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ካገኛችሁትም አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ለማየት መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፉና ከጎማው ኋላ በስልክ መብራት ተመልከቱ። በክሪክ ብቻ የተነሳች መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ! ላዩ ላይ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እርጅና ነው፣ ብቻውን አያስቀይርም። ላስቲኩ ተበጥሶ ወይም ከብረቱ ተላቆ ከሆነ ግን አልቋል። መካኒኩ በብረት ዘንግ ሲያነቃንቀው እናንተም ቆማችሁ እዩ። ዘይት እየተንጠባጠበበት ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይደፈን፤ የሞተር ዘይት ላስቲክን ያሟሟል፣ አዲሱንም አይምርም።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ «አፕግሬድ እናድርጋት፣ ፖሊዩሬቴን እናስገባ» መባላችሁ አይቀርም። ነገሩ እውነት አለው፤ ከላስቲክ ይጠነክራል፣ ዘይት አይጎዳውም፣ መሪውም ቶሎ ይታዘዛል። ነገር ግን የአስፋልቱን ንዝረት ሁሉ ወንበራችሁ ድረስ ያመጣዋል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ደግሞ እንደ አሮጌ አልጋ ይንጫጫል። ሕፃን ለሚተኛባት መኪና እኔ ጥሩውን ላስቲክ ነው የምመርጠው። ልጁ ካስቸገረ የስታብላይዘር ባሩን ጎሚኒ ብቻ ፖሊዩሬቴን አድርጉለት፤ ርካሽ ነው፣ ምቾትም ብዙ አይነሳም።

አሮጌውን በፕሬስ ገፍቶ ማውጣት የእጅ ዋጋ ይበላል። ስለዚህ ጎሚኒው ተገጥሞበት የሚሸጠውን ሙሉ ክንድ ዋጋም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ያዋጣል። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር። የላስቲክ ጎሚኒ ከመሐል ቱቦውም ከውጩ ብረትም ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። መኪናዋ ሊፍት ላይ ሆና ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም እንኳ እንደተወጠረ ነው፤ ዓመታት መኖር የሚችለው ጎሚኒ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ወይም ክንዱ በዚያው ከፍታ ተደግፎ ነው። «ቡሎኑን ክብደቷን ተሸክማ እያለች ነው የምታጠብቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ አይቀየምም።

ከዚያ አላይመንት ይሠራ። ማሽኑ የጎማዎቹን አቋም ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የሚያሳይ ወረቀት ያትማል፤ ሳትቀበሉ አትውጡ፣ ጎማውን ከገዛችሁበት ደረሰኝ ጋር አስቀምጡት።