መንጠቆው ይያዝ ብቻ ሳይሆን ይፍታም

«ባሕር በሌለው ሀገር ስለ ባሕር ጠለቃ መንጠቆ?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች ወዲህ ቀይ ባሕር ለእኛ የካርታ ላይ ቀለም ነው። ግን እኮ እኩዮቻችን ካርታ አልያዛቸውም። ጅቡቲ ይሠራሉ፣ ዱባይ ይኖራሉ፣ ለዕረፍት ሁርጋዳ ይወርዳሉ። እዚያም የጥቂት ቀናት የስኩባ ዳይቪንግ ኮርስ ወስደው፣ ሲሊንደር ተሸክመው የተነሱትን ፎቶ ይልኩልናል። እኛም ዓሣውን አድንቀን እናልፋለን። በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ግን ከዓሣው ይልቅ ልናይ የሚገባን ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ብረት ነው።

ካራቢነር ትባላለች። መርካቶ የቁልፍ መያዣ ተብላ የምትሸጠው፣ በአንድ ጎኗ ወደ ውስጥ የምትገፋ ባለ ስፕሪንግ በር ያላት። አምፖሉን፣ የአየር መለኪያውን፣ ካሜራውን ጃኬታችሁ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ታያይዛለች። ቀላል ናት፣ ርካሽ ናት፣ ታምራለችም። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ግን «ራስን ማጥፊያ መንጠቆ» ይሏታል። ስሙ የተጋነነ ቢመስልም ምክንያት አለው። በሯ ከውጭ በሚገፋት ነገር ሁሉ ትከፈታለች። የተተወ የዓሣ መረብ ወይም የመልህቅ ገመድ በደረታችሁ በኩል ሲያልፍ ራሱ ገፍቶ ይገባል፣ ስፕሪንጉም ከኋላው ይዘጋበታል። እጃችሁን ሳታነሱ ታሰራችሁ ማለት ነው። የሚፈታችሁ ሰው ደግሞ ገመዱ ወጥሮ የያዘውን በር እንደገና ወደ ውስጥ መግፋት አለበት፤ በጨለማ፣ አየር እየቆጠረ።

የሚሻለው ቦልት ስናፕ የሚባለው ነው። የውሻ ማሰሪያ ጫፍ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ምላሱ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልተሳበ አይከፈትም፤ ስለዚህ ገመድ በራሱ ፈቃድ አይገባበትም። «ለጀማሪ ያስቸግራል፣ ካራቢነር በአንድ ግፊት ይከፈታል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያስቸግራል፤ ለአንድ ሳምንት። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ በአንድ እጅ መክፈትና መዝጋት መለማመድ ምን ያህል ከባድ ነው? በዚያ ላይ የመዝናኛ ጠላቂ ብዙ መንጠቆ አያስፈልገውም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃዋል። እንደ ገና ዛፍ ተንቆጥቁጦ የሚወርደው ሰው ኮራሉንም ይሰብራል፣ ራሱንም ያጠላልፋል።

ብረቱም ጉዳይ አለው። ጨው ውሃ ርህራሄ የለውም። ላዩ ኒኬል የተቀባ ርካሽ ብረት ሱቅ ውስጥ እንደ ብር ያበራል፣ ከጥቂት ጠለቃ በኋላ ግን ይላላጣል፣ ይዝጋል፣ ምላሱም ይነክሳል። ለባሕር የሚሆነው 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው። ስትገዙ ስፕሪንጉም ከማይዝግ ብረት መሠራቱን ጠይቁ፤ አካሉ ደህና ሆኖ ስፕሪንጉ የሞተ መንጠቆ ብዙ ነውና። ከባሕር ስትወጡም በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ከሁሉ የምንከራከርለት ግን ብረቱ ከዕቃው ጋር የሚታሰርበት ነገር ነው። ብዙ ሰው መንጠቆውን ከአምፖሉ ጋር በብረት ቀለበት ያያይዘዋል። ጠንካራ ይመስላል። ችግሩም እሱ ነው። መንጠቆው ቢነክስ ብረትን በብረት ያሰራችሁትን በምን ልትለዩት ነው? ጠላቂዎች በቀጭን ገመድ የሚያስሩት ቢላዋ እንዲቆርጠው ብለው ነው። ትርፉን መተንፈሻ ደግሞ ጭራሽ እንዲህ አጥብቆ ማሰር አይገባም፤ አየር ያለቀበት ጓደኛችሁ አንዴ ሲስበው መምጣት አለበት።

ይህ ነገር ለሀገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ብቸናና ሞጣ አካባቢ ያለችው ሮብ ገበያ ስሟ እንደሚነግራችሁ የሮብ ገበያ ናት። በእንዲህ ያለ ገበያ ከመጫኛው ጋር ያደገ ነጋዴ ታገኛላችሁ። በቅሎው እንዴት እንደሚጫን ጠይቁት። ቋጠሮው መንገድ ሙሉ ጭነቱን መያዝ አለበት፣ በቅሎው ገደል አፋፍ ላይ ቢንሸራተት ደግሞ ጫፉን አንዴ ስቦ መልቀቅ አለበት። ያለዚያ ጭነቱና በቅሎው አብረው ይሄዳሉ። የስኩባ መምህር በዶላር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ዓባይ ራሱ ይህን ትምህርት በሰው ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የብሪታንያ ጦር ጉዞ ዓባይን ሲወርድ፣ ኮርፖራል ኢያን ማክላውድ ከገባሮቹ አንዱን ሊሻገር ገባ። የደህንነት ገመድ ታስሮለት ነበር። ገመዱ ሲወጠር ግን ጎርፉ ከላዩ ይጫነው ጀመር፤ ሊያድነው ጓደኛው ዘሎ ገባ፣ ገመዱም ተቆረጠ፣ ማክላውድን ግን ውሃው ወሰደው። ዛሬ የወንዝ ነፍስ አድን ሠራተኞች የሚለብሱት ጃኬት ገመዱ የሚያያዝበት ቀበቶ አንድ ነገር ሲሳብ ወዲያው የሚላቀቅ ሆኖ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ለማስቀረት ነው። ወራጅ ውሃ ውስጥ የማይፈታ ገመድ ያሰጥማል።

ከሞጣ ወደ ሰሜን ያለው ሰባራ ድልድይም አለ። በጣሊያን ጊዜ መሐሉ ተቆርጦ የቀረው፣ ሰዉ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየታሰረ ከወዲያ ወዲህ የተጎተተበት። ፎቶው ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጣና ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 አየው፤ በሚቀጥለው ዓመት ድልድዩ ተጠገነ፤ በ2005 ደግሞ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እስከዚያ ድረስ የአካባቢያችን ሰው ነፍሱን ለቋጠሮ ሰጥቶ ኖሯል። እንግዲህ ስለ መንጠቆ ብናወራ ቅንጦት ነው?

ደግሞም ጠላቂ ማለት ሁርጋዳ የሚዝናና ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ የድንጋይ ካባ ጉድጓዶች ይሞላሉ፣ ልጆች ይዋኙባቸዋል፣ ይሰጥማሉ። አስከሬን ፍለጋ የሚገቡት የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። የሚገቡት ኮራል ወዳለበት ጥርት ያለ ባሕር ሳይሆን የራስ እጅ ወደማይታይበት ጭቃ ነው፤ ሽቦ፣ የዛፍ ሥር፣ የተጣለ ገመድ ባለበት። ከማንም በላይ መንጠቆ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። አስከሬኑ ሲወጣ በዜና እንሰማለን፤ የገባው ሰው ደረቱ ላይ ምን አንጠልጥሎ እንደገባ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን አልሰማንም። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ስለሆንን ጥያቄው ከእኛ ቢጀመር አያስነውርም።

ለጅቡቲ ተጓዦች፦ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሁለት ቦልት ስናፕ፣ አንድ ክንድ ቀጭን ገመድና ትንሽ ቢላዋ ያዙ። ካራቢነሯን ለቤት ቁልፋችሁ ተዉአት።