ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፦ ክፍያው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?

ልጅዎ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ከሆነ ይህ ጉዳይ የእርስዎም ነው። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ማስተማር የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ መሠረት የአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። መምህራኑን ራሱ ይቀጥራል፤ ገቢም ያመነጫል። እሰየው ነው! ለጥቃቅን ውሳኔ ሁሉ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናት ምን ያህል እንደሚያዳክም በግቢ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ከገቢው ምንጮች አንዱ የተማሪ ክፍያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ወጪ መጋራት ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ነው። በራሱ ከፍሎ የሚማር ግን ገንዘቡን የሚጠየቀው ገና ሲመዘገብ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት ከ100 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ መካከል አንዷ የድሃ ገበሬ ልጅ ብትሆንስ? የነጻ ትምህርት ዕድል ለማን፣ በምን መስፈርት እንደሚሰጥ ቦርዱ ከምዝገባ በፊት በግልጽ ሊናገር ይገባል።

እኛስ? በአጥቢያችን የሕንጻ ኮሚቴ አለን፤ ለተማሪዎች የሚያስብ ኮሚቴ ግን የለንም። በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ።